ዘሩን ማን ይሸከመዋል? ስለ አተር ቤተሰብ የጌጥና የጥላ ዛፎች

(ድሬዳዋ ውስጥ ችግኝ ለሚያፈሉና ለሚተክሉ ሰዎች በቃል የቀረበ፣ ኋላም በጽሑፍ የተስተካከለ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ በተለይም ከመደቡ ላይ ተነሥታችሁ፣ የእጃችሁን አፈር አራግፋችሁ በቀጥታ ወደዚህ የመጣችሁ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓይነት ፍሬ አስቀምጫለሁ። አንደኛው ጥቁር ቡናማ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ክንድ የሚያህል ርዝመት ያለውና ሲያወዛውዙት እንደ ጸናጽል የሚንሿሿ ነው። ዛሬ ጠዋት ከከዚራ ሰፈር ጎዳና ላይ ያነሣሁት የድሬዳዋ ዛፍ ፍሬ ነው። ሁለተኛው ስንዝር የማይሞላ፣ የገለባ ቀለም ያለው፣ ሲሰብሩት ውስጡ የሚጣበቅ፣ ቢቀምሱትም የሚጣፍጥ ነው። ይህ የፕሮሶፒስ ፍሬ ሲሆን ሰባት ፍሬ ብቻ ቆጥሬ አምጥቻለሁ። ሁለቱም ዛፎች ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ድርቅና ሙቀት ይችላሉ፤ ሁለቱም በጎተራችን ካሉት ከአተር፣ ከባቄላ፣ ከሽምብራና ከምስር ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። አንደኛው ግን መቶ ዓመት ቢቆይም ከተተከለበት ጎዳና ብዙም አልራቀም፤ ሁለተኛው በአንድ ትውልድ ዕድሜ የአፋርን ሜዳ ወረሰ። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የአተር ቤተሰብ ከ19,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን በብዛቱ ከኦርኪድና ከሱፍ ቤተሰቦች ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ሲሆኑ፣ በሞቃት አገር ሰው ለጌጥና ለጥላ የሚመርጣቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቅጠላቸው አብዛኛውን ጊዜ በጣም የተከፋፈለ ስለሆነ ጥላቸው ነፋስ አይከለክልም፤ ከሥራቸው የተቀመጠ ሰው ፀሐዩን ተከልሎ አየሩን ያገኛል። ብዙዎቹ በሥራቸው ላይ ባለው ትንንሽ እብጠት ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብረው ከአየር ናይትሮጅን ስለሚያገኙ ሌላው ዛፍ በማይቆምበት ደረቅና የተራቆተ አፈር ላይ ይቆማሉ። ዘራቸውም ጠንካራ ሽፋን ስላለው ውኃ ሳያስገባ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መቆየት ይችላል። ችግኝ አፍዪዎች እንደምታውቁት፣ ይህንን ዘር ሙቅ ውኃ ውስጥ ሳያሳድሩ ወይም ጫፉን ሳይፍቁ ቢዘሩት አብዛኛው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይህ የዘሩ ጥንካሬ ለችግኝ ጣቢያው አስቸጋሪ ጠባይ ቢመስልም፣ ለዛፉ ግን ሩቅ ለመሄድ የተሰጠው ስንቅ ነው።

በመካከል አንድ ነገር ላርም። ጃካራንዳ ብዙ ጊዜ ከዚህ ቤተሰብ ጋር ይቆጠራል፤ ቅጠሉን ለሚያይ ሰው ስሕተቱ አያስወቅስም፤ ነገር ግን ጃካራንዳ የሌላ ቤተሰብ ዛፍ ነው። ፍሬውን ብትመለከቱት ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ እንደ ሳጥን ክዳን ለሁለት ይከፈታል፤ ዘሩም ክንፍ አለው። የአተር ቤተሰብ ምልክቱ በአተር እሸት ላይ የምናውቀው ነው፤ በአንድ ረጅም ከረጢት ውስጥ ዘሮች በአንድ ወገን ተሰልፈው ይቀመጣሉ።

አሁን ወደ ከተማችን ዛፍ ልመለስ። የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው የማዳጋስካር ተወላጅ ነው፤ በዚያች ደሴት ምዕራባዊ ወገን ደረቅ ደን ውስጥ ይበቅላል። በሞሪሸስ ይኖር የነበረው የቦሄሚያ ተወላጅ ዌንስስላስ ቦየር ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1829 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በውበቱ ምክንያት ብቻ ከሕንድ እስከ ካሪቢያን፣ ከሞምባሳ እስከ ፍሎሪዳ ተተክሏል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከዚራ ሲታቀድም ጎዳናዎቹ ቀጥ ብለው ጥላ እንዲኖራቸው ተደርገው የተዘረጉ ናቸው። ዛፉ ከከተማዋ ጋር እንዲህ ከመዋሐዱ የተነሣ አማርኛ ተናጋሪው በሌላ ቦታ ሲያየው እንኳ «የድሬዳዋ ዛፍ» ይለዋል። የማዳጋስካርን ስም አልፎ የእኛን ከተማ ስም የተሸከመ ዛፍ በመሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

አበባውን ቀርባችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሙቀቱ ሲበረታ፣ ዛፉ ቅጠሉን ጨርሶ ወይም ከፊሉን አራግፎ በቀይ አበባ ይሸፈናል። አምስት ቅጠለ አበባዎች አሉት፤ አራቱ ሙሉ ቀይ ሲሆኑ አምስተኛው ቀጥ ብሎ የቆመና በነጭና ቢጫ ላይ በቀይ ነጠብጣብ የተጻፈ ነው። እያንዳንዱ ከታች ቀጭን እግር ስላለው በአንዱና በሌላው መካከል ሰማይ ይታያል። አሥር ረጃጅም ቀይ ዘንጎችም ከመካከሉ ይወጣሉ። አበባው ሲረግፍ ጎዳናው ላይ ምንጣፍ ይሠራል፤ የከዚራ ልጆችም ያልፈነዳውን እምቡጥ ከፍተው ከውስጡ በሚያወጧቸው ዘንጎች ይጫወታሉ።

እንግዲህ ይህ ዛፍ በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዘር ይሰጣል፤ ታዲያ ለምን አልወረረንም? ፍሬውን በእጃችሁ ያዙትና መልሱን ታገኛላችሁ። ከረጢቱ እንጨት ነው፤ ሥጋ የለውም፣ ስኳር የለውም፤ ፍየል አሽትታው ታልፋለች፣ ወፍ አያነሣውም፣ ነፋስም አይችለውም። ስለዚህ ወራት ሙሉ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና ከእናቱ ሥር ይወድቃል፤ ዘሩም የሚበቅለው፣ ከበቀለ፣ እዚያው ጥላ ውስጥ ነው። በጥቂት እርጥበት ባለባቸው ደሴቶችና ዳርቻዎች ከአትክልት ስፍራ ወጥቶ በራሱ ይበቅላል፤ በእኛ ደረቅ ምድር ግን ወደ ሌላ ቦታ ለመሄድ የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ሰው ካልተሸከመው አይሄድም።

ፕሮሶፒስ በተቃራኒው ሌላ ተሸካሚ አዘጋጅቶ የመጣ ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ፣ መካከለኛው አሜሪካና የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ነው። ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሆን፣ በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ አካባቢ በመስኖ እርሻዎች ዙሪያ ለጥላና ለነፋስ መከላከያ ተተከለ፤ በ1980ዎቹም በሥራ ለምግብ መርሐ ግብሮች በስፋት ተተከለ። የተከሉት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ምድረ በዳውን ለማልበስ፣ አሸዋውን ለመያዝ፣ ለሴቶች ማገዶ ለማቅረብ ፈልገው ነበር። ዛፉም የተባለለትን ሁሉ አደረገ። አፋሮች ግን ያመጣውን ዘመን በስሙ ላይ አኖሩበት፤ «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ ይሉታል።

ጣፋጩ ፍሬ ሲበስል ይወድቃል፤ ሣር በጠፋበት በጋ ፍየሉም፣ ግመሉም፣ ከብቱም ይለቅመዋል። ጣፋጩ ሥጋ በሆዳቸው ሲቀልጥ ጠንካራው ዘር አይፈጭም፤ እንዲያውም ሽፋኑ በመጠኑ ይሳሳና ለመብቀል ይዘጋጃል፤ ከዚያም እርጥበትና ፍግ ካለው በጠጥ ጋር ከወደቀበት ቦታ ሆኖ ዝናብ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ከአሚባራ መንገድ ዳር የደረቀ የፍየል በጠጥ አንሥቼ በመዳፌ ላይ ፈረፈርሁት፤ በውስጡ ሦስት አብረቅራቂ ቡናማ ዘሮች ነበሩ፤ ሦስቱንም በብርጭቆ ውስጥ በእርጥብ ጥጥ ላይ ባኖራቸው በሳምንት ውስጥ ሁለቱ በቀሉ። ያንን ቀን አልረሳውም፤ ምክንያቱም በዚያው መንገድ ላይ ስንት መቶ ፍየል ከግጦሽ ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ገበያ እንደሚያልፍ እያየሁ ነበር። ለአርብቶ አደር መንጋውን ማንቀሳቀስ ሕይወቱ ነው፤ ዛፉም የተጓዘው በዚሁ የሕይወት መንገድ ላይ ነው።

በዚህ ዓይነት በአፋር ክልል ዛፉ የያዘው መሬት ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ተገምቷል። በአዋሽ ዳር የነበረው የበጋ ግጦሽ ጥቅጥቅ ባለ እሾሃማ ጫካ ተተክቷል፤ እሾሁ የከብት ሰኮናን የሚወጋ፣ ጎማ የሚበሳ ነው፤ በብርቅነቱ የታወቀው የግሬቪ የሜዳ አህያ የሚሰማራበት የሃላይደጌ ሜዳም ከዚሁ ወረራ አልዳነም። የቆረጡትን ዛፍ ጉቶ ብታዩት ከአንዱ ግንድ ፋንታ አሥር ቀንበጥ ይሰጣችኋል። የሚያቆጠቁጠው ዓይኑ ከአፈር በታች በአንገቱ ላይ ስለሆነ፣ ቆፍሮ ከዚያ በታች ያልቆረጠው ሰው ዛፉን ገረዘው እንጂ አልገደለውም። ለከሰል የሚቆርጡ ማኅበራት ብዙ ቢደክሙም ችግሩ ያልቀነሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከሰል ለመሸጥ ግንዱ ይበቃል፤ አንገቱን ቆፍሮ ማውጣት ግን ሌላ ጉልበት ይጠይቃል፤ ለዚያ ጉልበት የሚከፍልም ገበያ የለም።

ጎረቤታችን ኬንያም የዚሁ ታሪክ ተካፋይ ናት። በባሪንጎ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩት የኢልቻሙስ ሕዝቦች ፕሮሶፒስ ያደረሰባቸውን ጉዳት ይዘው መንግሥትን ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ሲከሱም የጣፋጩ ፍሬ ስኳር ጥርሷን ያረገፈባትን ፍየል እንደ ማስረጃ ይዘው መጡ። ፍሬው ለከብት ጥሩ መኖ ነው ለሚል ሰው የማቀርበው መልስ ይህ ነው፤ መኖነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ከሆነ እንስሳውን ይጎዳል፤ ሳይፈጭ ከተሰጠ ደግሞ ዘሩን ያስፋፋል። በወፍጮ ተፈጭቶ ከሌላ መኖ ጋር ከተደባለቀ ግን ዘሩ ይሰበራል፤ ስለዚህም ፍሬውን ሰብስቦ መፍጨት ከከሰሉ ይልቅ የተሻለ መንገድ ይመስለኛል፤ የሚመታው ጉዞውን ነውና። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የፕሮሶፒስን ዘር ብቻ የሚበላ ጥንዚዛ ከአሜሪካ አምጥተው ለቀቁ። ጥንዚዛው ሥራውን ይሠራል፤ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከብቱ ቀድሞት ፍሬውን ይለቅመዋል። ይህም የተሸካሚውን ኃይል ያሳያል።

ሦስተኛ ምሳሌዬን ስናገር ልቤ ይከብደኛል፤ የራሴ እጅ አለበትና። በወጣትነቴ በአንድ ችግኝ ጣቢያ ስሠራ ሉኪና የሚባለውን ዛፍ በብዙ ሺህ አፍልተን ነበር። ይህ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ በዚያን ዘመን በዓለም ሁሉ «ተአምረኛው ዛፍ» ይባል ነበር፤ ቶሎ ያድጋል፣ ከብት ይመግባል፣ አፈር ያለማል። ስለ ዘሩ ጉዞ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ ችግኞቹን የተከልናቸው ደግሞ በወንዝ ዳር ነበር። ሉኪና በተተከለ በዓመቱ ያብባል፤ ቡናማ ከረጢቶቹም በዘለላ ሆነው ሲደርቁ ይከፈቱና ዘራቸውን ያፈሳሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወንዙን ተከትዬ ወደ ታች ስሄድ፣ እኛ አንድም ችግኝ ባልተከልንበት ዳርቻ ላይ ሁለቱንም ወገን ይዞ አገኘሁት፤ ከሥሩም ሌላ ቡቃያ አልነበረም። ዛሬ ሉኪና በዓለም ላይ ክፉ ከሚባሉ መቶ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል።

ስለዚሁ ዛፍ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በቅጠሉ ውስጥ ሚሞሲን የሚባል መርዝ ስላለ ብዙ የበላ ፈረስ ጋማውንና ጭራውን ያረግፋል፤ ከብትም ይታመማል። በሃዋይ ያሉ ፍየሎች ግን ምንም አይሆኑም ነበር። ሬይመንድ ጆንስ የተባለ የአውስትራሊያ ተመራማሪ ይህንን ተከታትሎ በእነዚያ ፍየሎች ጨጓራ ውስጥ መርዙን የሚያፈርስ ባክቴሪያ መኖሩን አሳየ፤ ባክቴሪያው ወደ አውስትራሊያ ከብቶች ሲተላለፍም ዳኑ። ባክቴሪያውም በስሙ ተሰየመ። ዛፍን ከአገሩ ስናነሣው አብረውት የኖሩትን ትተን እርሱን ብቻ እንደምናመጣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

በውኃ የሚጓዙትም አሉ። ፓርኪንሶኒያ የተባለው አረንጓዴ ግንድ፣ ቢጫ አበባና እሾህ ያለው ትንሽ ዛፍ ለአጥር የሚወደድ ነው፤ ቀላል ከረጢቱ ግን በጎርፍ ላይ ይንሳፈፋል። የእኛ የደቻቱ ወንዝ በበጋ አሸዋ፣ በክረምት ደግሞ ድንገተኛ ጎርፍ መሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ በደቻቱ ዳር ፓርኪንሶኒያ መትከል ዘሩን ለባቡር እንደማሳፈር ነው። በሰሜን አውስትራሊያ በዳርዊን ከተማ ሚሞሳ ፒግራ የተባለ ቁጥቋጦ ከ1891 (እ.ኤ.አ.) በፊት በዕፅዋት አጸድ በኩል እንደገባ ይታወቃል፤ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ማንንም ሳያስቸግር ቆየ፤ ወደ ትልልቆቹ ረግረጋማ ሜዳዎች ከደረሰ በኋላ ግን ጸጉራም ፍሬው በጎርፍ እየተንሳፈፈ ሰፊ መሬት ሸፈነ። «ሃያ ዓመት ተክለነው ምንም አላደረገም» የሚለው ክርክር እንደማይበቃ የምናገረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሰው ራሱ ተሸካሚ የሆነበትም አለ። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የአውስትራሊያ ዛፍ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ዘርቶ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያ ማሳውን ወደ እህል ይመልሳል። አሲድ የበዛበት መሬት ላይ ገንዘብ ያገኙበት ሥራ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም፤ ምክንያቱም ዛፉ በየዙሩ ዘሩን ከማብዛቱ በፊት ይቆረጣል፤ ባለቤትም አለው። በቅርብ ዓመታት ግን በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ አጥፍቷል፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተከለ አካባቢም ጉዳቱን በአንድ ጊዜ ይቀበላል። የዲከረንስ የቅርብ ዘመድ የሆነው ጥቁሩ ዋትል በደቡብ አፍሪካ ባለቤት አጥቶ ወንዞችን ሲያደርቅ፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሥራ አጦችን ቀጥሮ ማስቆረጥ ግድ ሆኖበታል።

ታዲያ ምን እንትከል? ለጎዳና የድሬዳዋ ዛፍን መትከላችሁን ቀጥሉ። ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ የእግረኛ መንገድ ይሰነጥቃል፣ ቅርንጫፉም በነፋስ ይሰበራል፤ ስለዚህ ከግድግዳና ከውኃ ቧንቧ አራት አምስት ሜትር አርቁት። ይሁንና በምሥራቅና በደቡብ ደረቅ ቆላችን በራሱ የሚበቅል የቅርብ ዘመድ አለው፤ አበባው ነጭ ሆኖ ይፈነዳና እየቆየ ወደ ቢጫ ይለወጣል። በችግኝ ጣቢያዎቻችን ሳጣው ያሳዝነኛል። ሮቃም የእኛው የአፍሪካ ዛፍ ነው፤ ዓረቦች «የሕንድ ተምር» ብለው ስለሰየሙት ዓለም ሁሉ የሕንድ ይመስለዋል፤ በዚህ ከተማ ሁመር እያልን ጭማቂውን የምንጠጣው እርሱ ነው። ጥላው ከማንኛውም መጤ ዛፍ ይበልጣል፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ከፍ ወዳለው ወይናደጋ ስንወጣ ብርብራ አለ። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም በተፈጥሮ አይገኝም፤ ለቡና ጥላ ይሆናል፤ የተፈጨ ዘሩን ዓሣ አጥማጆች ዓሣ ለማደንዘዝ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ፍሬው ሲደርቅ በድንገት ተሰንጥቆ ዘሩን ይወረውራል፤ ድምፁ ከቤት ውስጥ ይሰማል፤ የሚወረውረው ግን ጥቂት እርምጃ ነው። ቀይ አበባ የሚፈልግ ቆርችን ይትከል፤ ወርቃማ የሚንጠለጠል አበባ የሚፈልግ ደግሞ ድግጣን፤ ቅጠሉን ከብት ቅማል ሲይዘው የምናጥብበት ያ ድግጣ በሌሎች አገሮች ለአትክልት ስፍራ የሚመረጥ ጌጥ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ስለ ግራር ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየና የተሰበሰቡ የዕፅዋት ሊቃውንት «አካሻ» የሚለውን ሳይንሳዊ ስም ለአውስትራሊያዎቹ ዛፎች አስቀሩት፤ የእኛዎቹም ሌላ ስም ተሰጣቸው። የመጽሐፉ ስም ይለወጥ፤ ግራራችን በአማርኛ ስሙ አለ፤ አዲስ ለምናለማው መሬትም ከአውስትራሊያዎቹ ከሳሊግናና ከዲከረንስ በፊት እርሱን እንድታስቡት እለምናለሁ።

አዲስ ዘር በፖስታ ወይም በእንግዳ ሻንጣ ሲመጣላችሁ አበባው ምን ቀለም እንዳለው ከመጠየቃችሁ በፊት ፍሬውን ስጡኝ በሉ። ፍየል ትበላዋለች? ውኃ ላይ ይንሳፈፋል? በስንተኛው ዓመት ያፈራል? ጉቶው ያቆጠቁጣል? ፍሬውን ማሳየት የማይችል ሰው ዘሩን እንዲያስተክላችሁ አትፍቀዱለት።

አሁን ንግግሬ አልቋል፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ፍሬዎች ቀርባችሁ እንድትነኳቸው እጋብዛችኋለሁ። የድሬዳዋ ዛፉን ፍሬ የፈለገ ይውሰድ፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ አሳድራችሁ ዝሩት። የፕሮሶፒሶቹን ግን ከዚህ አዳራሽ ማንም ይዞ እንዳይወጣ፤ ሰባት ናቸው፤ ስትጨርሱ ሰባቱንም ቆጥሬ እረከባችኋለሁ፤ ማታ ምድጃ ውስጥ አቃጥላቸዋለሁ።